ከሕመም ፈቃዱ በኋላስ?

ጉለሌ የሚኖር አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ቲቢ ያዘው እንበል። መድኃኒቱን ከሰፈሩ ጤና ጣቢያ ይወስዳል። መድኃኒት ያልተላመደ ቲቢ ሕክምናው በተለምዶ ስድስት ወር ይፈጃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሚሰጠው የሕመም ፈቃድም በዓመት ቢበዛ ስድስት ወር ነው። ደመወዙስ? የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ባዶ። «በደንብ ብላ» ተብሎ የተመከረው ሰው በአራተኛው ወር ምን ይብላ?

መድኃኒቱ የሠራለት ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በሽታውን ማስተላለፉን ያቆማል፤ ጉልበቱም እየተመለሰ ይሄዳል። በሦስተኛው ወር ግማሽ ቀን ተቀምጦ መሥራት የሚችል ከሆነ ለምን ቤት ይውላል? አሠሪው ፈርቶ? ባልደረቦቹ ሸሽተውት? ወይስ ሐኪሙ የሚጽፈው የሕመም ፈቃድ ወረቀት ከዕረፍት ቀናት ቁጥር ሌላ የሚናገረው ስለሌለ? እኔ ጥፋቱን የማየው በወረቀቱ ላይ ነው። ሐኪሙ ስለ ሳሉና ስለ ላቡ ይጠይቃል። ምን ሥራ ትሠራለህ፣ ሸክም አለው ወይ፣ አቧራ አለው ወይ ብሎ የሚጠይቀውስ ማነው?

ጤና ጣቢያው ይህን ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። መድኃኒት የምትሰጠው ነርስ ሲከሳም ሲያገግምም አይታዋለች። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ። ታዲያ ወደ ሥራ መመለሱ የሕክምናው አካል የማይሆነው ለምንድን ነው? በእንግሊዝ አገር ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤተሰብ ሐኪሙ ወረቀት «ሥራው ከተመቻቸለት ሊሠራ ይችላል» የሚል ምርጫ አለው። ሐኪሞቹ ብዙም አይጠቀሙበትም የሚል ቅሬታ እዚያም አለ፤ ቢሆንም ጥያቄው ቢያንስ ተጽፏል።

የሽሮ ሜዳው ሸማኔስ? ፈቃድ የሚጠይቀው ማንን ነው? አሠሪ ስለሌለው አዋጁ አይደርስለትም። የማኅበረሰብ ጤና መድን የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል እንጂ ሳይሸምን የዋለበትን ቀን አይከፍለውም። ስለዚህ ሳይሻለው ወደ ሽመና ጉድጓዱ ይወርዳል፣ በጠባቧ ክፍል ከቤተሰቡ ጋር ያስላል፣ ገቢ ፍለጋ ሲል መድኃኒቱን ያቋርጣል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚፈጠርባቸው መንገዶች አንዱ ደግሞ ይኸው ማቋረጥ ነው። ያን ክፉ በሽታ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያክመው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ያለው እዚሁ እንጦጦ ሥር ነው። ሸማኔውን ለጥቂት ወራት መደገፍ ይከብዳል ወይስ እዚያ ማከም?

የከተማው ጤና ቢሮ በፈቃድ ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ይጨምር፦ ታማሚው ምን ዓይነት ሥራ መሥራት ይችላል፣ ከመቼ ጀምሮ? የበሽታው ስም ለአሠሪው መነገር የለበትም። አሠሪዎችም ፈቃዱ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ በሠራተኛው ስምምነት ጤና ጣቢያውን አነጋግሩ። ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም።