በመድኃኒት የተጎዳ ሕሙም ማንን ይከሳል?

የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2015 ዓ.ም በጋምቢያ ለበርካታ ሕፃናት ሞት ምክንያት ሳይሆኑ አይቀሩም ያላቸውን አራት ዓይነት ሽሮፖች አስመልክቶ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። በህንድ የተመረቱት ሽሮፖች ሲመረመሩ ኩላሊትን የሚጎዱ ዳይኢትሊን ግላይኮልና ኢትሊን ግላይኮል የተባሉ ኬሚካሎች ተገኝተውባቸዋል። ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆችም አምራቹንና አስመጪውን ብቻ ሳይሆን የአገራቸውን የመንግሥት ተቋማት ጭምር ከሰዋል።

አብዛኛውን መድኃኒት ከውጭ ለምታስገባው ኢትዮጵያም ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2085፣ ለትርፍ ሲል ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ተጎጂው የአምራቹን ጥፋት እንዲያስረዳ አይጠበቅበትም። ጉድለቱ በተለመደው አመረማመር ሊታወቅ ይችል ከነበረ አምራቹ ከኃላፊነት ይድናል፤ ይሁንና በሽሮፕ ውስጥ የተደባለቀን ኬሚካል አይቶ የሚለይ ሕሙም ስለማይኖር ይህ መከላከያ በመድኃኒት ረገድ እምብዛም አያዋጣም።

አስቸጋሪው ነገር አንቀጹ የሚናገረው ስለ አምራቹ መሆኑ ነው። ባሕር ማዶ ያለን ፋብሪካ ከስሶ ፍርድ ማስፈጸም ለአንድ ቤተሰብ ቀርቶ ለትልቅ ድርጅትም ከባድ ነው። ይህን ክፍተት በተወሰነ ደረጃ የሞላው በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሲሆን፣ ሸማቹ አስመጪውን፣ ጅምላ ሻጩንና ቸርቻሪውን በተናጠል ወይም በአንድነት ካሳ እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶታል።

ጥፋቱ የመድኃኒቱ ሳይሆን ያዘዘው ሐኪም ወይም ያደለው ፋርማሲስት ከሆነ መንገዱ ይለያል። በአንቀጽ 2031 የተመለከተውን የሙያ ጥፋት የማስረዳት ሸክም በከሳሹ ላይ ይወድቃል። የሕክምና ተቋሙም በአንቀጽ 2651 መሠረት ለሠራተኞቹ ጥፋት ይጠየቃል።

ጊዜውም አጭር ነው። አንቀጽ 2143 ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንስቶ 2 ዓመት ብቻ ይሰጣል፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ሲሆን ግን ረዥሙ ይጸናል። ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አቤት ማለት መድኃኒቱ ከገበያ እንዲሰበሰብ ይረዳል፤ ካሳ የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። እዚያ ሲደረስ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በማዘዣው ወረቀት፣ በማሸጊያውና በባች ቁጥሩ ላይ ነው። ባች ቁጥሩ በመድኃኒት ቤቱ ወይም በመጋዘኑ መዝገብ ካልሰፈረ፣ ጠርሙሱ በየትኛው አስመጪ በኩል እንደገባ ለዳኛው የሚያስረዳ ሰው አይገኝም።