ሶላቷን ማን ከለከላት?

ምጥ ሁለትና ሦስት ቀን ያሰቃያትን፣ ሕፃኗም ሞቶ የተወለደባትን፣ ከዚያም ወዲህ ሽንቷን መያዝ የተሳናትን እህት አስባት። ከጓዳ ጥግ አንጥፈንላት «የአላህ ቁጣ ነው» አልን። በዚህም ሳናበቃ «ነጃሳ ነሽና አትስገጂ» አልናት። ይህን ከየትኛው ኪታብ አገኘነው?

የሕፃኑ ራስ ከዳሌዋ መውጫ አጥቶ ሲቆይ የውስጥ ሥጋዋን ከአጥንት ጋር ይጨፈልቀዋል። ደም የተቋረጠበት ሥጋ ይሞታል፤ ሲረግፍም ቀዳዳ ይተዋል። ፊስቱላ የሚባለው ይኸው ነው። ቁስል እንጂ ቁጣ አይደለም!

ዓይነቱም ይለያያል። ቀዳዳው በፊኛ በኩል ከሆነ ሽንት ሌት ተቀን ይፈስሳል። በፊንጢጣ በኩል ከሆነ ዓይነ ምድር ያመልጣል። ሁለቱም የሚደርስባት አለች። ሽንት የሚያመልጣት ሁሉ ግን ፊስቱላ አለባት ማለት አይደለም፤ የሚለየው በምርመራ ነው። ቶሎ የተደረሰበት ትንሽ ቀዳዳ የሽንት ቱቦ ገብቶለት ብቻ ሊድን ይችላል፤ ሌላው በቀዶ ሕክምና ይሰፋል።

«ሩቅ ነው» አትበል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የመሠረቱት የፊስቱላ ሆስፒታል በ2005 በባሕር ዳር ማዕከል ከፍቷል፤ ሕክምናውም በነፃ ነው። ከአዴት ባሕር ዳር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለገበያና ለሠርግ የሚቀርበን መንገድ ለእህታችን ሲሆን ለምን ይርቃል?

ሶላቷን በተመለከተ ሸሪዓችን ግልጽ ነው። ሽንት የማይቋረጥላት ሴት ወቅቱ ሲገባ ትታጠባለች፤ በንጹሕ ጨርቅ ታስራ፣ ለየሶላቱ ዉዱእ አድርጋ ትሰግዳለች። እየሰገደች ቢፈስሳትም ሶላቷ አይበላሽም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሕመም ምክንያት ደሟ የማይቋረጥላትን ሴት ከወር አበባዋ ቀናት ውጭ እንድትሰግድ አዘዋል። አላህ ያልዘጋውን በር የዘጋነው እኛ ነን!

«ቀደር ነው» የምትል ባል ሆይ! በሬህ ሲታመም መድኃኒት ትፈልግለት የለምን? አንተስ አባት ሆይ! አጥንቷ ያልጠናን ልጅ አትዳር፤ የአገሩም ሕግ ከ18 ዓመት በታች ይከለክላል። ምጥ የያዛትንም «ትንሽ ትታገሥ» እያልክ አታሳድራት፤ ወደ ሐኪም ቤት አድርሳት። ሶብር ማለት መድኃኒት እያለ ሌላውን በሥቃይ ማኖር አይደለም።

ነገ አላህ ፊት ስለዚያች የጓዳ ጥግ የምንጠየቀው እኛ ነን። ዛሬውኑ ተነስተን እጇን እንያዝ።