የታክስ እፎይታው ለተተከለ ማሽን እንጂ ለተገኘ ትርፍ አይሁን

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ትልቁ ተስፋ የተጣለው የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ልብሶች ባለቤት በሆነው ፒቪኤች ላይ ነበር። ይኸው ኩባንያ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያን ጦርነት ጠቅሶ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ብዙም ሳይቆይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ውጭ አደረገች። በዚህ ሁሉ መካከል መንግሥት ለባለሀብቶች የሰጠው የገቢ ግብር እፎይታ እንዳለ ነበር። ሕጋችን ከምርቱ ቢያንስ 80 በመቶውን ወደ ውጭ ለሚልክ የፓርክ አምራች እስከ 10 ዓመት፣ ፓርክ ለሚገነባ አልሚ እስከ 15 ዓመት ከግብር ነፃ የመሆን መብት ሲሰጥ ቆይቷል። ሰላምና ገበያ ሲታጡ ግን ይህ ልግስና ሁሉንም ሊያቆይ አልቻለም።

ማበረታቻ ይቅር አንልም። ወደብ የሌላት፣ መብራት የሚቆራረጥባትና የውጭ ምንዛሪ እጥረት ያለባት አገር ባለሀብትን ያለ ድጋፍ ልትስብ አትችልም። የምንቃወመው የትርፍ ግብርን ለዓመታት በጅምላ መተውን ነው። ይህ ዓይነቱ እፎይታ የሚጠቅመው ፈጥኖ የሚያተርፈውን ነው። ከባድ ማሽን ተክሎ፣ ሠራተኛ አሠልጥኖ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በኪሳራ የሚያሳልፍ ፋብሪካ ትርፍ ማየት ሲጀምር የእፎይታ ዘመኑ ተሟጦ ሊያገኘው ይችላል፤ ኪሳራውን እንዲያሸጋግር መፈቀዱ ጉዳቱን ያቀልለታል እንጂ አያስቀርለትም። ግብር ከሚከፍል እህት ኩባንያው ወደማይከፍለው ትርፍ ለሚያዛውር ደግሞ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ሌላም ነገር ተለውጧል። ከ130 በላይ አገሮች በ2021 እ.ኤ.አ. በተስማሙበት የ15 በመቶ ዝቅተኛ የኩባንያ ግብር መሠረት እኛ የተውነውን ግብር የእናት ኩባንያው አገር ሊሰበስበው ይችላል። ያን ጊዜ ድሃዋ ኢትዮጵያ የሀብታም አገር ግምጃ ቤት ደጋፊ ሆነች ማለት ነው።

በእፎይታው የሚታጣውን ገቢ የሚሸፍነው ማን እንደሆነ መዘንጋት አይገባም። የአገሪቱ የታክስ ገቢ ለዓመታት ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 10 በመቶ እንኳ ሳይሞላ ቆይቷል። በወር ከ2,000 ብር በላይ የሚያገኝ ተቀጣሪ ግን ግብሩ የሚቆረጠው ደመወዙ እጁ ሳይገባ ነው። ለእሱ እፎይታ የሚባል ዘመን የለም። በየወሩ የሚከፍሉት መምህሩና ነርሷ ማን ስንት እንደተተወለት የማወቅ መብት አላቸው።

ስለዚህ የገንዘብ ሚኒስቴርና የኢንቨስትመንት ኮሚሽን ለአዲስ ባለሀብቶች የትርፍ ግብር እፎይታ መስጠት ያቁሙ። ቀድሞ በሕግ ቃል የተገባላቸው ግን ቃሉ ይጠበቅላቸው፤ መንግሥት ቃሉን ካጠፈ ነገ የሚያምነው ባለሀብት አያገኝም። በምትኩ ማሽን ለተከለ የእርጅና ቅናሹ ይፍጠንለት፤ ለሠራተኛ ሥልጠና ያወጣው ወጪም ከመደበኛው ከፍ ብሎ ይቀነስለት። ከአገር ውስጥ ገበሬ ጥጥ የሚገዛ የልብስ ፋብሪካ ከውጭ ጨርቅ አስገብቶ ሰፍቶ ብቻ ከሚልከው የተሻለ ድጋፍ ይገባዋል። ከቀረጥ ነፃ ያስገባውን ዕቃ ወይም ተሽከርካሪ ገበያ ላይ የሸጠ ደግሞ ቀረጡን ከነቅጣቱ ይመልስ።

የእያንዳንዱ ተጠቃሚ ድርጅት ስም፣ የተተወለት ግብርና የፈጠረው የሥራ ዕድል በይፋ ይታተም። መንግሥት የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲያቀርብ ይህንን ዝርዝር አብሮ እንዲያቀርብ እንጠይቃለን፤ ምክር ቤቱም ዝርዝሩ ካልቀረበለት በጀቱን አያጽድቅ።