ያቺ ሰባት ፐርሰንት የት ገባች?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅር ሳይሆን ስለ ጡረታ ነው። «ምነው፣ ገና በሃያዎቹ!» አትበሉኝ። እኔም እንደዚያ ብዬ አብሮ አደጌን ጉድ ሠርቼዋለሁ።

ለበዓል የጁቤ ሄጄ ገበያ መሐል አገኘሁት። አዲስ አበባ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ማሽን ላይ የሠራ ልጅ ነው። «የዓመት ፈቃድ ወጣህ እንዴ?» ስለው ሳቀ። «የምን ፈቃድ! ድርጅቱ ከሰረ፣ በሩም ታሸገ። የቀረ ደመወዛችንን ዛሬ ነገ እያሉን ይኸው አራት ወሬ» አለኝ።

የከነከነው ግን ሌላ ነው። ጡረታውን ሲያጣራ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት መዋጮ ገቢ አልሆነም። ከደመወዙ ግን በየወሩ ይቆረጥ ነበር! ያኔ «ልጠይቅ ይሆን?» ብሎ አማክሮኝ ነበር። እኔ ሆዬ፣ «ስድሳ ዓመት እስኪሞላህ ማን ይሙት ማን ይዳን፣ ተወው ባክህ» አልኩት። ምክሬ ይኸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ የግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተረጋገጠ ጡረታ አልነበረውም። ቢበዛ ፕሮቪደንት ፈንድ ነበር፣ እሱም ፈቃደኛ አሠሪ ሲገኝ። በዚያ ዓመት አዋጅ ቁጥር 715 ወጣ፣ በ2014 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1268 ተካው። ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11፣ በድምሩ 18 ፐርሰንት በየወሩ ለመንግሥት ፈንድ ይገባል። ደመወዝህ 5,000 ብር ከሆነ በወር 900 ብር ማለት ነው። ሁለት ዓመት ካልገባ 21,600 ብር!

አሜሪካ ውስጥ ስቱድቤከር የተባለው መኪና ሠሪ በ1963 እ.ኤ.አ. ሳውዝ ቤንድ ያለውን ፋብሪካ ሲዘጋ የሺዎች ጡረታ አብሮ ተናደ። በ1974 መንግሥት የጡረታ ዋስትና ተቋም ያቆመው ከዚያ ትምህርት ወስዶ ነው። የኛ ግን ከመነሻው ገንዘቡ አለቃችን ካዝና ውስጥ አይቀመጥም። ስለዚህ ድርጅቱ ቢከስርም የገባው አይነካም። የሚያሰጋው ተቆርጦ ሳይገባ የቀረው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ የደመወዝ ወረቀታችሁን አትጣሉ። ሁለተኛ፣ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ዘንድ መዋጮው መግባቱን ጠይቁ፤ ድርጅቱ በሕይወት እያለ። የዕድሜ ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ አሥር ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋልና አንዲት ዓመትም ዋጋ አላት። ሦስተኛ፣ ድርጅት ሲከስር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ከሥራው የሚጠይቀው ክፍያ ከሌላው ዕዳ ይቀድማል። ነገር ግን የደመወዝ ጥያቄ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል። «ዛሬ ነገ» የሚል አለቃ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይምሰላችሁ።

ለአብሮ አደጌ የቀረው ሁለት ወር ነበር። በማግስቱ ወረቀቶቹን ከፌስታል አውጥተን በወር በወራቸው ደረደርናቸው። ከሃያ አራቱ አሥራ ዘጠኙ ተገኙ። የቀሩትን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሊፈልግ አዲስ አበባ ተሳፈረ። የመኪናውን ከፈልኩለት፤ ለዚያ ምክሬ ካሣ መሆኑ ነው።

እናንተስ? ሰኞ ቢሮ ስትገቡ ጠይቁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሳምንት በሰላም ያገናኘን።