የክት ደብተር ይውደም!

በየቤታችን ሁለት ዓይነት ዕቃ አለ፤ የክትና የዘወትር። የክቱ ሲኒ ከቡፌው መስታወት ጀርባ ተደርድሮ እንግዳ ሲጠብቅ፣ የቤቱ ሰው ጆሮው በተሰበረው ሲኒ ይጠጣል። የክቱ ነጠላም ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ዓመት በዓል ይጠብቃል። ይህ የእናቶቻችን የቤት አያያዝ ነውና ልነቅፈው አልደፍርም። ሲኒ ቢቀመጥ ሲኒነቱን አይለቅም። እኔ ዛሬ ጠብ የምፈልገው ከአንድ ዕቃ ጋር ብቻ ነው፤ ከክት ደብተር ጋር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋሽንግተን የምትኖረው ታላቅ እህቴ በ2010 ዓ.ም. ለዕረፍት ስትመጣ አንድ የንድፍ ደብተር አመጣችልኝ። ጥቁር ደረቅ ሽፋን፣ መዝጊያ ላስቲክ፣ ወተት የመሰለ ወፍራም ወረቀት፣ ገጽ ማመልከቻ ጥብጣብ፣ ምን የሌለው አለ! «መሞነጫጨር ትወድ የለ?» አለችኝ። ገለጥኩት፤ አሸተትኩት፤ ዘጋሁት። ለእንዲህ ያለ ወረቀት የሚመጥን ነገር ሳገኝ እጀምረዋለሁ ብዬ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

የሚመጥነው ነገር ግን አጠገቤ ነበር። ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ አያቴ ቤት ነው። የእንጨት ደረጃ ነበረው፤ ሲረግጡት የሚያቃስት፣ መደገፊያው በስንት ሰው መዳፍ የለሰለሰ። «አንድ ቀን ተረጋግቼ እነድፈዋለሁ» እንዳልኩ ስድስት ዓመት አለፈ። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ቤቱም አብሮ ፈረሰ። ዛሬ ከእህቴ ጋር በስልክ ስናወራ፣ ደረጃው ስንት እርከን እንደነበረው እንከራከራለን። እሷ አሥራ አንድ ትላለች፤ እኔ አሥራ ሦስት። ዳኛ ሊሆነን ይችል የነበረው ደብተር መደርደሪያው ላይ ነው፤ ነጭ እንደሆነ፣ ንጹሕ እንደሆነ፣ ምንም እንዳላየ!

ለመሆኑ ይህን ፍርሃት ማን አስተማረን? የኔን አስተማሪ አውቃለሁ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ በሂሳብ ደብተሬ ጠርዝ ላይ የሰልፍ ደወሉን ሥዬ ተገኘሁ። መምህሩ ደብተሩን ለክፍሉ ሁሉ ከፍ አድርገው አሳዩና «ደብተር የሚያበላሽ ሰው ሕይወቱንም ያበላሻል» አሉ። ሳቁብኝ። በዚያ ቀን የተማርኩትን ሂሳብ ረስቼዋለሁ፤ «ማበላሸት» የምትለዋን ቃል ግን እስከ ዛሬ ተሸክሜያታለሁ። ብዙዎቻችን ተሸክመናታል። አንድ ሰው ንጹሕ ወረቀት ፊት ሲቀመጥ እጁን የሚያስረው የችሎታ ማነስ ብቻ እንዳይመስለን፤ ገና ሳይጀምር የሚሰማው የዚያ ሳቅ ነው።

በዚህ ላይ ዘመኑ ሌላ ጣጣ ጨመረበት። አሁን ደብተርም ለዕይታ ይቀርባል። በፌስቡኩ፣ በቴሌግራሙ የምናየው የንድፍ ደብተር ሁሉ እያንዳንዱ ገጹ የተዋበ፣ ጽሕፈቱ እንደ ማተሚያ የተስተካከለ፣ ከጎኑም የቡና ሲኒ የተቀመጠለት ነው። ጀማሪው ያንን ያይና የራሱን ይዘጋል። ይህ የንድፍ ደብተር አይደለም፤ የደብተር ልብስ የለበሰ ኤግዚቢሽን ነው። የንድፍ ደብተር ሥራው እንደ ጓዳ ነው። ሽንኩርቱ የሚላጠው፣ ወጡ የሚያርረው እዚያ ነው። ጓዳውን ሳሎን ያደረገ ሰው የት ሊያበስል ነው?

የሞያ አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። የብራና ጸሐፊ ፍየል ታርዶ፣ ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ በስንት ድካም የሚገኝ ገጽ ላይ ነው የሚጽፈው። ከዚያ የከበረ ወረቀት ከወዴት ይመጣል? ሆኖም የድሮ ብራናዎችን የገለጠ ሰው፣ በባዶዎቹ ቅጠሎች ላይ ጸሐፊው ብርዑን የሞከረባቸውን ጭረቶች ያገኛል። በቅዱስ መጽሐፍ ጥራዝ ውስጥ እንኳ ለሙከራ ቦታ ነበረ ማለት ነው! ከባሕር ማዶም ብንሄድ፣ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ለሠዓሊዎች የሰጠው ምክር ትንሽ ደብተር በኪሳችሁ ያዙ፣ መንገድ ላይ የምታዩትን ንደፉ፣ የነደፋችሁትንም አታጥፉ የሚል ነው። ፈረንሳዊው ደላክሯ በ1832 እ.ኤ.አ. ሞሮኮ ሲጓዝ በያዛቸው ደብተሮች ውስጥ ንድፉ፣ ቀለሙና ጽሑፉ ተደባልቀው ይገኛሉ። እሱም የተጣደፈ እጅ ነበረው፤ ግን አየ፤ ያየውንም ያዘ።

«ስልክ አለ እኮ፤ አንሥቶ ማስቀመጥ ነው» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ እኔም አንሥቻለሁ። የአያቴን ቤት የሚያሳዩ ፎቶዎች አሉኝ፤ በሁሉም ላይ ግን ከደረጃው ፊት ሰው ቆሟል፤ እኔ ራሴ ቆሜያለሁ! ስልክ በሰከንድ ያነሣልናል፤ ማየቱንም ወደፊት እንድናየው ብለን እናሳድረዋለን። እርሳስ የያዘ ሰው ግን ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ ያያል። እርከኑን ለመሳል እርከኑን መቁጠር ግድ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ንድፉ ባያምርም ቆጠራው ይቀራል።

ይሁንና አንባቢዬ፣ «እንግዲያውስ የተገኘ ወረቀት ላይ ሁሉ መሞነጫጨር ነው» ብዬ እንዳልሳሳት ያደረገኝ ነገር አለ። ከዚያ ቤት የቀረኝ አንድ ንድፍ ነው። ለዜና ሥራ በያዝኩት ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ፣ በቃለ መጠይቅ ማስታወሻ ጀርባ፣ በእስክርቢቶ የነደፍኩት የአያቴ ምድጃ። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ገጹን ቀድጄ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ፀሐይ በመስኮት እየገባ ቀለሙን በላው፤ ወረቀቱም ቢጫ ሆነ፤ የደብተሩ መስመር እንደ መስኮት ብረት ምድጃውን አቋርጦት ቀረ። ስለዚህ ወረቀት ለውጥ ያመጣል። ውድነት ግን ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ ከስንት ደብተር በኋላ የደረስኩበትን ላካፍል። መስመር የሌለው ይግዙ። መጠኑ የፎቶኮፒ ወረቀት ግማሽ ቢሆን ከቦርሳ ይገባል፤ ቤት የሚውል ደብተር አይሞላም። ለእርሳስ 80 ግራሙ የፎቶኮፒ ወረቀት ይበቃል፤ ለቀለም እስክርቢቶ ከ100 እስከ 120 ግራም ያለው ወደ ጀርባ አያሳልፍም፤ የውሃ ቀለም ግን ወደ 300 ግራም የሚጠጋ ካልሆነ ይሸበሸባል። ጥራዙን ገልጠው ይዩ፤ በክር የተሰፋው ተዘርግቶ ይተኛል፤ በኮላ ብቻ የተጣበቀው ቅጠሉን ያራግፋል። እርሳስ ብርሃን አያደበዝዘውም፤ የተራ እስክርቢቶ ቀለም ግን እንደኔው ምድጃ ይጠፋል።

ገንዘብ የለኝም የሚል ካለ ደግሞ አንድ ደስጣ ወረቀት ከጓደኛ ጋር ይካፈል። አምስት አምስቱን ቅጠል አጥፎ፣ እጥፋቱ ላይ በመርፌና በወፍራም ክር መስፋት፣ ከላይ ካርቶን ማልበስ ነው። ብራናም የሚጠረዘው በዚሁ መንገድ፣ እየታጠፈና እየተሰፋ ነው።

አጠቃቀሙ ላይ ሕጌ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ገጽ በገዙበት ቀን ያበላሹት፤ ያኔ ደብተሩ ከክትነት ወደ ዘወትርነት ይወርዳል። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና አንድ ተራ ነገር ይጻፉ፤ የዕለቱን የሽንኩርት ዋጋም ቢሆን። ሦስተኛ፣ ቅጠል አይቅደዱ። መጥፎው ንድፍም ምስክር ነው።

እኔስ? ባለፈው ወር ያንን ጥቁር ደብተር አወረድኩት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ደረጃውን ከትዝታዬ ነደፍኩ። ተጣመመ፤ መደገፊያውም ጠፋኝ። ቆጥሬ ስጨርስ አሥራ ሁለት እርከን ሆነ፤ የእህቴም አይደለ፣ የኔም አይደለ። ቀኑን ጻፍኩበትና አልቀደድኩትም። በማግስቱ ጠዋት ደብተሩን ይዤ አሁን ወደምኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ወጣሁ። የሲሚንቶ ነው፤ ምንም ውበት የለውም። ቁጭ ብዬ እርከኑን ቆጠርኩ፤ ነደፍኩትም። ጎረቤቴ ሲያልፍ «ምን እየመዘገብክ ነው?» አለኝ።

«ደረጃውን» አልኩት።

አንባቢዬ፣ እርስዎስ መደርደሪያዎ ላይ እንግዳ የሚጠብቅ ደብተር የለዎትም? ካለ ዛሬ ማታ ያበላሹት። የሚጠበቀው እንግዳ ከመጣ ቆይቷል፤ ቤትዎ ነው፣ ሰፈርዎ ነው፣ አጠገብዎ የተቀመጡት እናትዎ ናቸው።