አይጧ ዋኘች፤ ሰውስ?

ባገራችን የፋርማሲ ትምህርት ክፍሎች ውስጥ አንድ የተለመደ ሥራ አለ። ተማሪው ከገጠር ቅጠል ያመጣል፤ በጥላ አድርቆ ይወቅጠዋል፤ በ80 በመቶ ሜታኖል ዘፍዝፎ ያጣራዋል። ከዚያም ነጫጭ አይጦችን በየቡድኑ ከፍሎ በአንድ ኪሎ ክብደት 100፣ 200፣ 400 ሚሊ ግራም እያለ ያጠጣቸዋል። ነገሩ ለጭንቀት የተባለ እንደ ሆነ አይጧን ከመሬት ከፍ ባለ የመስቀል ቅርጽ መተላለፊያ ላይ ያቆማታል፤ ግድግዳ ወደሌለው ክንድ ደፍራ ከወጣች ፍርሃቷ ቀለለ ይባላል። ለድብርት የተባለ እንደ ሆነ ደግሞ መውጫ የሌለው ውሃ ውስጥ ይጨምራታል፤ ቶሎ ተስፋ ቆርጣ ሳትንሳፈፍ ረዥም ጊዜ ከዋኘች ቅጠሉ ሠራ ተብሎ ይጻፋል። ተማሪው ይመረቃል፤ ወረቀቱም መደርደሪያ ላይ ይወጣል።

እኔ የአርትስ ተማሪ ነኝ፤ የላቦራቶሪ ካፖርት ለብሼ አላውቅም። ነገር ግን ቅጠሉ የሚቆረጠው ከእናቶቻችን ጓሮ ነውና ጥያቄ የማቅረብ መብት ያለኝ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ሜታኖል የሚጠጣ ማን ነው? በአረካና በመላው ወላይታ ሰው የሚጠጣው በውሃ የፈላ ነው። የቡና ቅጠል ከጤና አዳም፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተወቅጦ የሚፈላውን ሀይታ ቱኬን የማያውቅ የወላይታ ልጅ የለም። ልቡ የከበደው ሰው ሲመጣ ይኸው ይቀዳለታል፤ ጎረቤትም አብሮ ይቀመጣል። እንግዲህ ሰውየው ቀለል ብሎት ቢሄድ ያቀለለው ጤና አዳሙ ነው ወይስ ጎረቤቱ? የቡና ቅጠል ካፌይን እንዳለበት፣ ካፌይንም አንዳንዱን ሰው ይበልጥ እንደሚያስጨንቅ የታወቀ ነው። ታዲያ ይህን ለመለየት አይጥ አትበቃም። ጤና አዳም ያለበትን ሲኒና የሌለበትን ሲኒ ለሁለት ቡድን ሰዎች ሰጥቶ ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ ጎረቤቱ ግን ለሁለቱም ይቀመጥ።

ሁለተኛው የሂሳብ ጉዳይ ነው። ለአይጥ በኪሎ 400 ሚሊ ግራም የተሰጠው በተለመደው ስሌት ለሰው ሲለወጥ በ12.3 ይካፈላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 2 ግራም ጭማቂ ይደርሳል ማለት ነው። ከደረቅ ቅጠሉ አንድ አሥረኛው ብቻ ጭማቂ ሆኖ ቢወጣ በቀን 20 ግራም ደረቅ ቅጠል ሊፈላ ነው። ጤና አዳምን በዚህ መጠን ማን ይደፍራል? ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳም በብዛት እንዳትወስድ የሚከለከለው ጽንስ ሊያስወርድ ስለሚችል ነው፤ ይህን አሮጊቶቻችን ያውቁታል፤ የመመረቂያው ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ ይዘለዋል።

ቅጠል ነውና አይጎዳም የሚል ሰው በመካከላችን ሞልቷል። ሕንዶች ከጥንት ጀምሮ ከሚያውቁት ራውቮልፊያ ከተባለ ሥር በ1952 (እ.ኤ.አ.) ሬሰርፒን የተባለው መድኃኒት ወጣ። የደም ግፊትን አወረደ፤ የተረበሸ አእምሮን አረጋጋ፤ ቆይቶም ከወሰዱት ሰዎች አንዳንዶቹ ድብርት ላይ ሲወድቁ ታየ። በአውሮፓ ለድብርት የሚሸጠው ሃይፐሪከም፣ ይኸውም የእኛው የደጋ አሜጃ የቅርብ ዘመድ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንንና የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ጉልበት ይቀንሳል። በ2002 በአሜሪካ 340 ሕመምተኞች ላይ በታተመው ፈተና ይኸው ቅጠል ባዶውን ክኒን ሊበልጥ አልቻለም። የሚገርመው፣ ለማነጻጸሪያ የቀረበው የፋብሪካ መድኃኒትም በዋናው መለኪያ አልበለጠም። በሌሎች ፈተናዎች ግን ለቀላልና ለመካከለኛ ድብርት እንደሚረዳ ታይቷል። ድብርትን መለካት የዚህን ያህል ከባድ ነው፤ በአይጥ ዋና የሚጨረስ ነገር አይደለም።

ታዲያ ምርመራው ይቅር ማለቴ ነውን? ከቶ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። አይቶ ጽፎ ቢያስቀምጠው ኖሮ ዛሬ ስሙን ባላነሣን ነበር። ወደ ወንዙ ተመልሶ በሜዳ ፈተነው፤ መርዛማነቱ እስኪጣራ ድረስ ዓመታት ታገለ፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ። የጎደለን ይህ ወደ ወንዙ መመለስ ነው። ቅጠሉን ያሳየው የአረካ ገበሬ ውጤቱን ሰምቶ ያውቃል? አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ እውቀት ባለቤት እንዳለው፣ ፈቃድ እንደሚጠየቅበትና ከጥቅሙም ድርሻ እንዳለው ይደነግጋል። በጤፍ የደረሰብንን አንርሳ፤ ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ የተሰጠው የባለቤትነት መብት በሄግ ፍርድ ቤት የተሻረው በ2018 ነው።

አረካ ለዚህ ሥራ ባዶ ሥፍራ አይደለችም። የግብርና ምርምር ማዕከሏ በመቶ የሚቆጠሩ የእንሰት ዓይነቶችን በሕይወት ተክሎ ይጠብቃል። ከእንሰቱ ጎን ለመድኃኒት ተክሎች አንድ መደብ መሬት ቢሰጥ፣ እያንዳንዱም ተክል በወላይትኛ ስሙ ቢመዘገብ፣ የሶዶ ዩኒቨርስቲ ተማሪ ቅጠል ፍለጋ ካንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ባልዞረ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልበል። ያባቱ መሬት ለአምስት ወንድማማች ተከፋፍሎ የእግር መቆሚያ ያጣ ወጣት፣ ዲግሪ ይዞ ሥራ ያላገኘ ምሩቅ፣ ጭንቀቱ ቅጠል ስላልጠጣ የመጣ አይደለም። በሲኒ ጭማቂ ሊያረጋጉት የሚነሡትን እጠራጠራለሁ። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ፣ እንቅልፍና ምግብ ያጣ ሰው ደግሞ የማንንም ምርመራ ውጤት ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ለፋርማሲ ጓደኞቼ የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። የሚቀጥለውን ቅጠል በጀበና አፍሉት፤ ስንት ግራም፣ በስንት ሲኒ ውሃ፣ ለስንት ደቂቃ እንደ ሆነ ከምታፈላዋ እናት ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ውጤቱንም፣ አልሠራም ቢሆን እንኳ፣ በወላይትኛ አስተርጉማችሁ ለእሷው ንገሩ።