ሪባ ሐራም ነው፤ መቆጠብን ግን ማን ሐራም አደረገው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዛሬ የምንወቅሰው ወገን አለ፤ እሱም እኛው ነን። ኪታብ ይዘን መስጂድ በረንዳ ላይ የምንቀመጥ፣ ወጣቱ መጥቶ ሲጠይቀን በአንድ ቃል መልሰን የምንሸኘው እኛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኔ 2005 ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ተከፈተ። 10/90፣ 20/80፣ 40/60 ተባለ። በ20/80 የተመዘገበ ሰው ከቤቱ ዋጋ 20 በመቶውን በየወሩ ንግድ ባንክ ይቆጥባል፤ ዕጣ ሲደርሰው ቀሪውን 80 በመቶ ባንኩ በወለድ ያበድረዋል። የወር ቁጠባው ለስቱዲዮ 151 ብር፣ ለባለ አንድ መኝታ 274 ብር ነበር። 274 ብር ማለት በቀን 9 ብር ገደማ ነው። የከተማው ሰው በክረምቱ ዝናብ ተሰልፎ ተመዘገበ።

እኛ ያኔ ደረሳ ነበርን። ከዐስር ሶላት በኋላ ወጣቶች እየመጡ «እንመዝገብ ወይ?» ሲሉን መልሳችን አጭር ነበር፦ «ወለድ አለበት። ሐራም ነው። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው።» አለቀ። የውሉን ወረቀት አላየንም። ወለድ ሳይታሰብ መቆጠብ ይቻል እንደሆነ ባንክ ሄደን አልጠየቅንም። ጉዳዩን ሸይኾቻችን ዘንድ እንኳ አላቀረብነውም። የፈትዋ ዕውቀት ሳይኖረን ፈትዋ ሰጠን።

ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ መርካቶ ልብስ ሰፊ ነው። እኛን ሰምቶ ሳይመዘገብ ቀረ። ባለፈው ረመዳን ከተራዊሕ በኋላ በር ላይ ጠበቀን። ዛሬ የአራት ልጆች አባት ነው። አከራዩ ልቀቅ ብሎት ለስድስተኛ ጊዜ ዕቃውን ሊጭን ነው። አልተቆጣም። እንዲህ ብቻ አለን፦ «ያኔ ሐራም ነው አላችሁኝ፤ እሺ ብዬ ተውኩት። ለአላህ ብዬ የተውኩትን አልጸጸትበትም። ግን ሐላሉ የቱ እንደሆነ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ወላሂ፣ መልስ አልነበረንም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ሪባ ሐራም ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። በሱረቱል በቀራ ውስጥ በሪባ ላይ የመጣውን ዛቻ ያነበበ ሰው ነገሩን አያቀልም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚያበላውን፣ የሚጽፈውንና የሚመሰክርበትንም ረግመዋል። ይህን ጽሑፍ ይዞ «ሪባ ተፈቀደ አሉ» የሚል ሰው ካለ ዋሽቶብናል።

ጥያቄያችን ሌላ ነው። ከከለከልን በኋላ ሥራችን ያበቃል ወይ?

ቢላል (ረ.ዐ) አንድ ቀን ጥሩ ተምር ይዞ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። ከየት እንዳመጣው ሲጠይቁት ሁለት ሷዕ መናኛ ተምር ሰጥቶ አንድ ሷዕ ጥሩ ተምር እንደለወጠ ነገራቸው። እሳቸውም ይህ ራሱ ሪባ መሆኑን ነግረው ከለከሉት። ግን በዚያ አላቆሙም። ሁለተኛ ጊዜ ጥሩውን ሲፈልግ መናኛውን ለብቻው እንዲሸጥ፣ ከዚያም በገንዘቡ ጥሩውን እንዲገዛ መንገዱን አሳዩት። ቢላል ጥሩውን ተምር መፈለጉ ጥፋት አልነበረም፤ የሄደበት መንገድ ነው የተስተካከለው። እኛ ግን ለዓመታት የዚህን ሐዲስ ግማሽ ብቻ ስንተገብር ኖረናል።

ሌላውን ግማሽ ብንጨምርበት ምን እንል ነበር? ልብስ ሰፊውን እንዲህ እንለው ነበር፦ ወንድማችን፣ ፊትህ ያለው አንድ ጉዳይ ቢመስልህም ሁለት ውል ነው። አንደኛው ቁጠባው ነው። ገንዘቡ የራስህ ነው፤ ማስቀመጥህ ሐራም አይደለም፤ ሐራሙ በላዩ የሚታሰበው ወለድ ነው። «ወለድ አይታሰብልኝ» ብሎ በጽሑፍ ማመልከት አባቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ነው፤ ሄደህ ጠይቅ። ብሔራዊ ባንክም ባንኮች ከወለድ ነጻ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ የሚያስችል መመሪያ በ2004 ዓ.ም. አውጥቷል። ሁለተኛው ውል ብድሩ ነው። እሱ የሚፈረመው ዕጣ የደረሰህ ቀን ነው። ያ ቀን እስኪመጣ ዓመታት አሉህ። ከወንድሞችህ ቀርድ ሐሰን ታሰባስባለህ፣ ዕቃ ትሸጣለህ፣ ሙራበሃ የሚሠራ ባንክ ታፈላልጋለህ፣ ዑለማ ትጠይቃለህ። ሐላል መንገድ ካጣህ ያኔ ትተወዋለህ። በ40/60 ፕሮግራም ሙሉውን ዋጋ ቀድመው የከፈሉ ሰዎች እንደነበሩም እናውቃለን።

«ቢመዘገብስ የት ይደርስ ነበር?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ2005 ተመዝግበው ለብዙ ዓመት ዕጣ ሲጠብቁ የኖሩ ብዙ ናቸው። ሐምሌ 2014 የወጣው ዕጣ በመረጃ ማጭበርበር ምክንያት ተሰርዞ ኅዳር 2015 እንደገና ሲወጣም አይተናል። ልብስ ሰፊው ዕጣው ይደርሰው ነበር ብለን አንምልም። ቢያንስ ግን በስሙ የተያዘ ተራና የቆጠበው ብር ይኖረው ነበር። ያንን ያስጣልነው እኛ ነን።

አሁን ደግሞ ወደ ሌሎቹ እንሂድ።

«መቆጠብ የተወኩል ጉድለት ነው» የምትሉ ወንድሞች! ሱረቱ ዩሱፍን እንደገና አንብቡ። ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የንጉሡን ሕልም ከፈቱ በኋላ ሰዎቹን ቁጭ ብላችሁ ዱዓ ብቻ አድርጉ አላሏቸውም። በጥጋቡ ሰባት ዓመት አምርታችሁ፣ ከምትበሉት ጥቂት በቀር በእሸቱ እንዳለ አስቀምጡ አሏቸው። ነቢይ ናቸው፤ ተወኩላቸው ከእኛ አላነሰም። «የመንግሥት ነገር ስለሆነ አንገባም» ለምትሉትም ያው ሱራ መልስ አለው። ዩሱፍ የተረከቡት የማንን ጎተራ ነበር? የንጉሡን አይደለምን?

ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስም (ረ.ዐ) ታመው ሀብታቸውን ሊሰጡ ሲነሱ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከሲሶ በላይ አልፈቀዱላቸውም፤ ወራሾችን ሰው እጅ ከሚያዩ ይልቅ ተብቃቅተው መተው እንደሚሻል አስተማሯቸው። ለልጅ ማሰብ ዱንያን ማምለክ ቢሆን ኖሮ ይህ አይባልም ነበር።

«ደሩራ ነው፤ ዝም ብለህ ፈርም» የምትሉትም አላችሁ። እናንተም ከእኛ አትሻሉም። ደሩራ ሚዛን ያለው ቃል ነው፤ ዑለማ የሚመዝኑት እንጂ ሻይ ቤት ተቀምጠን ለጓደኛ የምናድለው አይደለም። እኛ ሳናነብ ከለከልን፣ እናንተ ሳታነቡ ፈቀዳችሁ። ሁለታችንም ያላየነው ያንኑ ወረቀት ነው።

ለመንግሥትና ለባንኮችም ቃል አለን። ግብር የምንከፍል የዚህ አገር ዜጎች ነን። የቁጠባ ፕሮግራም ሲነደፍ ከወለድ ነጻ የሆነው አማራጭ ከመጀመሪያው ቀን ፎርሙ ላይ ይኑር። ሌላው ተመዝግቦ ካበቃ በኋላ የሚመጣ አማራጭ ተራ አይመልስም። ይህ ችሮታ አይደለም። ስንጠይቅ እንደሚሆንም አይተናል። ከዓመታት ጥያቄ በኋላ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራ ባንክም ተከተለው። የጠየቁ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ዛሬም በረንዳ ላይ «ሐራም ነው» እያልን ነበር።

ወጣቶች ሆይ! አዲስ አበባ ያላችሁም፣ ደሴ፣ ጅማ፣ ሐረር ያላችሁም፤ የቤትም ይሁን ሌላ፣ ነገ አንድ የቁጠባ ምዝገባ ይመጣል። ሲመጣ እነዚህን ጠይቁ፦

አንደኛ፦ ወለድ የማይታሰብበት ሒሳብ መክፈት ይቻላል? በጽሑፍ ስጡኝ።

ሁለተኛ፦ ገንዘቤ ምን ላይ ይውላል? የሸሪዓ አማካሪዎች ያዩት ውል ነው?

ሦስተኛ፦ ወር ባሳልፍ ቅጣቱ ምንድነው? ቅጣቱስ ለማን ይገባል?

አራተኛ፦ ከቁጠባው በኋላ የሚመጣ ብድር ካለ የመውሰድ ግዴታ አለብኝ? ሙሉውን መክፈል ወይም ሙራበሃ መጠቀም ይፈቀዳል?

መልሱን ይዛችሁ የምታምኑት ዓሊም ዘንድ ሂዱ። ሳታውቁ ወለድ ተጠራቅሞባችሁ ካገኛችሁትም ዝም አትበሉ፤ እንዴት ከእጃችሁ እንደሚወጣ ዓሊሙን ጠይቁ።

«አቅም የለንም» አትበሉን። እናቶቻችን በእቁብ ልጅ ድረዋል፣ ሱቅ ከፍተዋል፤ አንድ ሳንቲም ወለድ ሳይነካቸው። መቆጠብ ለቤታችን እንግዳ አይደለም።

የመስጂድ አገልጋዮችም እንስማ። ቀጣዩ ምዝገባ ሳይታወጅ በየመስጂዳችን አንድ ዓሊምና የባንክን ሥራ የሚያውቅ አንድ ሰው ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ወጣቱ ይጠይቅ፣ ውሉ ይነበብ። እኛም የማናውቀውን «አናውቅም፤ ጠይቀን እንመለሳለን» ማለትን እንልመድ። በሰኔ 2005 ይህችን አንዲት ቃል ብንላት ኖሮ ልብስ ሰፊው በር ላይ ባልጠበቀን ነበር።

እሱን ይቅርታ ጠይቀነዋል። አልሐምዱሊላህ፣ ይቅር ብሎናል። ሌሎቹን ግን ሁሉንም አናውቃቸውም። ይህን የምታነብ ከእነሱ አንዱ ከሆንክ፣ ወንድማችን፣ ለአላህ ብለህ አውፍ በለን።

አላህ ሐላሉን አስፍቶ ከሐራሙ ያብቃቃን። ሳናውቅ ከመናገርም ይጠብቀን። አሚን።

አላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።